በስህተት የተጠራ ለቅሶ

አባቴ በሕይወት እያለ ድንኳን ተተክሎለታል። ቀልድ አይምሰላችሁ። ሐሙስ ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለችውን አሳ ቤቴን ከፍቼ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ እያጸዳሁ ሳለ፣ ጎረቤቴ ኢንሳፍ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ እያለከለከች መጣችና አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማን ሞቶብኝ ነው ብላት አባትሽ አለች። አባቴ ደግሞ ከኋላዬ ተቀምጦ ሻዩን ፉት እያለ ነው። ቀና ስትል አየችው። ወላሂ፣ ውሃ ረጭቼ ነው ያስነሳኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ እንድሪስ ይባላል፤ አገሬው ግን እንድሪስ መርፌ ነው የሚለው። በ1966 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ የፈንጣጣ ክትባት በሳጥን ይዞ የአምባሰልን ገደል ያዳረሰ ሰው ነው። ሙሉጌታ የሚባል የአዲስ አበባ ዳይሬክተር የአባቴን ታሪክ ፊልም ሠራው። ፊልሙ አዲስ አበባ ሲመረቅ የአክስቴ ልጅ ጁማ ገብቶ አየና ለእናቱ ደወለ። እንድሪስ ሲሞት አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ ብሎ ሳይጨርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። አክስቴ የሰማችውን ሰማች፤ ለቅሬው ለፋፊ ለምንይችል ነገረች። ቅሬ እኛ ዘንድ እስላምና ክርስቲያን ሳይባል አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ምንይችል ጥሩንባውን ነፍቶ ስም ከጠራ፣ እርሻ ላይ ያለው ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል እንጂ ቆይ ላጣራ የሚል የለም። ሠላሳ ዓመት ሲለፍፍ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅማ።

ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ወንዶቹ አግዳሚ ይደረድራሉ፣ ከላይ ሰፈር የመጡት ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። አባቴ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ፊት አይለይም፤ ሰተት ብሎ ገብቶ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን ሰውዬ ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እንድሪስ መርፌ ነው አለው። አባቴም አላህ ይዘንለት፣ ደህና ሰው ነበር አለ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ከዚያ በኋላማ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ የመጣው ዳቦ ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ። ያልሳቀው ምንይችል ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም የጠራ አፍ ሁለተኛ አይለፍፍም ብሎ ጥሩንባውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብንለምነው አሻፈረኝ አለ።

እኔ ደግሞ ንዴቴ ሌላ ነው። አባቴን ማን ገደለው? ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩና ስለ ፊልሙ የተጻፈውን የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፤ አባቴ ያዳምጣል። አንዱ ጋዜጣ መልክዓ ምድሩ ከተዋናዩ በልጦ የተጫወተበት ፊልም ይላል። ሬዲዮ ላይ ያለችዋ ልጅ ጭጋጉ ከገደሉ ላይ ሲነሳ ትንፋሼ ቆመ ትላለች፤ ሦስት ጊዜ ነው ትንፋሿ የቆመው፣ በየት በኩል እንደምታወራ እንጃ። ዩቲዩብ ላይ ያለው መነጽራሙ ሰውዬ ደግሞ ፊልሙ ይንዛዛል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰውየው ዳገት ይወጣል ብሎ ነቀፈ። ታዲያ አምባሰል ላይ ምን ሊያደርግ ኖሯል፣ ሊፍት ይጥራ? እሱው መልሶ ዋሽንቱ የተነፋው በእውነተኛው የአምባሰል ቅኝት ነው ብሎ አደነቀ። ቁራጩን አሰማሁት ለአባቴ። ሳቀና ይሄማ ባቲ ነው አለ፤ ዓይኑ እንጂ ጆሮው ደህና ነው።

ሁሉም አንድ አፍ የሆኑት በመጨረሻው ላይ ነው። ጀግናው የክትባቱን ሳጥን አፋፍ ላይ ለቆሙት ሰዎች አቀብሎ እሱ ገደል ይገባል፤ በሀገራችን ፊልም እንዲህ ያለ አሟሟት ታይቶ አይታወቅም አሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ ሻዩን አስቀመጠ። እኔም ማንበቤን ልተው ስል ታች አንዲት መስመር አየሁ። ጓዝ ተሸካሚው ፈሪ ግን ሆዳችን እስኪታመም አሳቀን፤ ገደሉን ሲያይ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ከሥር መተኛቱ አይረሳም ይላል። ከአባቴ ጋር ጓዝ የተሸከመ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ውበቱ ነው።

ውበቱ የአምባሰል ገበሬ ነበር፤ ገደሉን እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል። አባቴ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ሥጋ ይለያያሉ እንጂ ቆሏቸው አንድ፣ የውሃ ቅላቸው አንድ ነበር። ሚስቱ ለተብርሃን የመጀመሪያ ልጇን ፋናን ወልዳ ከገደሉ በላይ ባለችው መንደር እናቷ ዘንድ አራስ ቤት ሳለች ፈንጣጣ መንደሪቱን ያዛት። ውበቱ አባቴን እየመራ የወጣው ለደሞዝ ብቻ አይደለም፤ መርፌው ለልጁ ነው። ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ወደቀ። ዘመኑ ረሃብ ነው፤ ሰው ተበትኗል፣ ቅሬ የሚባል ነገር ፈርሷል። አራት ሰዎች አፈር አለበሱት፤ ለፋፊ አልጠራው፣ ድንኳን አልቆመለት። የዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመት መሆኑ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ምን መሰላችሁ? የፊልም ሰዎቹ ሊቀርጹ ሲመጡ አምባሰል ድረስ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። እትዬ ለተብርሃን እንደ እናቴ ናት፤ አንቺ ነው የምላት። ሦስት ቀን አሳደረቻቸው፣ አበላቻቸው፣ በከዘራዋ እየጠቆመች የወደቀበትን ድንጋይ አሳየቻቸው። ሙሉጌታ እማማ እማማ ሲላት ነበር። ልንመለስ ስንል ጎትታ ለብቻዬ ያዘችኝና የኔው ሰው በፊልሙ ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ውበቱ አለበት፣ አብሽሪ አልኳት። አብሽሪ ቀላል ቃል አይደለም። እኛ ዘንድ አብሽሪ ያለ ሰው ነገሩን ወስዶ በራሱ አንገት ላይ አስሯል ማለት ነው።

ለሙሉጌታ ደወልኩና አባቴን ለምን ገደልከው ብዬ የአፌን አልኩት። ሲያዳምጠኝ ቆየና ሂንድዬ፣ እኔ ከራሴ አልፈጠርኩም፣ ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው የነገሩኝን ነው የሠራሁት ብሎ የቀዳውን ድምፅ በቴሌግራም ላከልኝ። ከአባቴ ጋር ሰማነው። የአባቴ ድምፅ ነው፦ «ሳጥኑ ወጣ። ወንድሜ አቀበለኝ። እኔ እዚያው ቀረሁ።» በቃ፣ ይችው ናት። በኛ አገር ሐዘን የገባው ሰው ሞትኩ ይላል፣ ቀረሁ ይላል፤ ማንም ተነስቶ መቃብር አይቆፍርለትም። የአዲስ አበባው ልጅ ግን ቅኔ መስሎት እንዳለ ወሰዳት። ወንድሜ ያለውን ደግሞ የውበቱን ስም መጥራት ስለሚከብደው እንደሆነ በምን ይወቅ? እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ላስረዳው ይገባኝ ነበር፤ አሳ ቤቴን ማን ይከፍተዋል እያልኩ ሳስብ አለፈኝ። አባቴን ዞሬ አየሁት። ያን ቀን የሆነውን ለሰው ተናግሬ አላውቅም ሂንድ፣ ለለተብርሃንም ቢሆን አለኝና ተነስቶ ወጣ።

ሙሉጌታ ፊልሙን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ከተማ አዳራሽ ሊያሳየን ማስታወቂያ ለጥፎ ጨርሷል። እትዬ ለተብርሃን እንዳትመጣ ልነግራት ለልጇ ለፋና ደወልኩ። ፋና ሳታስጨርሰኝ፣ እናቷ ነጠላዋን አጥባ እንደጨረሰች፣ ቤተክርስቲያን ለተገናኘችው ሁሉ የኔን ባል ላየው ነው እንዳለች፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዛ እንደምትወርድ ነገረችኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ ብዬ ዘጋሁት። ፈሪ ካላችሁ ያቺን ቀን ፈሪዋ እኔ ነበርኩ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። የቅሬው ሰው በሙሉ መጥቷል፤ የሞተው ሰው ከነነፍሱ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እትዬ ለተብርሃን ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ በቀኟ አባቴ፣ በግራዋ እኔ፣ ከኋላችን ፋና። ሙሉጌታ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ስለ ተፈጥሮ ውበታችን ንግግር አደረገና መብራቱ ጠፋ።

እውነቱን ልናገር፣ ሲያምር ያምራል። ሐይቃችን ከላይ ሲታይ፣ እስጢፋኖስ ገዳሙ ከነዛፉ ውሃው ላይ ተኝቶ ሲታይ፣ ሁላችንም ደረታችን ነፋ። ከዚያ ጀግናው ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ግሸን መንገድ ሲጀምር በአርዲቦ ሐይቅ ዳር አለፈ፤ አርዲቦ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ ሰውዬ ጀርባህን ነው የሰጠኸው፣ ተመለስ እያለ መንገድ ይመራዋል። ሙሉጌታ የሳቁበት አልገባውም፤ ደስ ብሎት ወደ ኋላ እየዞረ ያየናል። ዋሽንቱ ሲጀምር ደግሞ ባቲ ደረስን እንዴ አሉ። የአዲስ አበባ ሰው ትንፋሹ የቆመበት ቦታ ላይ የሐይቅ ሰው ያች የማን ማሳ ናት እያለ ይከራከራል።

ጓዝ ተሸካሚው መጣ። ሱሪው ይወርዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሕዝቡ ይስቃል፤ ምን ያድርጉ፣ ስም የለው፣ ማን መሆኑን አያውቁ። እትዬ ለተብርሃንም ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ውበቱ የቱ ነው አለችኝ። ገና ነው እትዬ አልኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አራት ጊዜ ገና ነው አልኩ። ፊልሙ ይለቅ፣ መብራት ይጥፋ፣ መሬት ትዋጠኝ እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ነበር።

ያ ገደል መጣ። ራሷ በከዘራዋ የጠቆመችው ድንጋይ ነው። ፈሪው ከሥር ሆዱን ይዞ ተኛ። ጀግናው ብቻውን ወጣ፣ ሳጥኑን ወደ ላይ አቀበለ፣ ድንጋዩ ከዳው። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እትዬ ለተብርሃን ድምጿን ሳታነሳ ተናገረች፦

«ይሄማ የውበቱ ሞት ነው።»

ሸራው ጠቁሮ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። አባቴ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። አጫዋቹ ደነገጠና ፊልሙን ባለበት አቆመው።

«ሰዎች» አለ አባቴ። «ያ የወደቀው እኔ አይደለሁም፤ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። የወደቀው ውበቱ ነው፤ የዚችው የለተብርሃን ባል። ገደሉን ያሳየኝ እሱ ነው። ሆዱን የቆረጠው ቀን የለም።»

ከዚያ ወደሷ ዞረ፤ ፊቷ የት እንዳለ ስለማይታየው በድምጿ ገምቶ ነው የዞረው።

«ለተብርሃን፣ የደበቅሁሽ ነገር አለ። አፋፉ ላይ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። እሱ ከታች ሁለት እጁን ዘረጋልኝ፤ በአንዱ ሳጥኑ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። እኔ ሳጥኑን ተቀበልኩ። አስቀምጬ ዞር ስል እጁ የለም። አንቺን ስከትብሽ፣ ልጅሽን ስከትብ፣ ውበቱስ ስትይኝ ከኋላ ነው አልኩሽ። ለፊልሙ ሰው እዚያው ቀረሁ ያልኩት ይህን ነው።»

እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ አላፍርበትም። አባቴን ልይዘው ስነሳ እትዬ ለተብርሃን በእጇ መለሰችኝ። ፋናን ጠራቻት፤ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት እንደ ሕፃን መጥታ ቆመች። እናቷ የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና የአባቴን ጣት ይዛ ክንዷ ላይ አኖረችው፤ የክትባቱ ጠባሳ ላይ።

«ዳስሰው አያ እንድሪስ» አለችው። «የተቀበልከው ይሄን ነው። እጁን ይዘህ ሳጥኑ ገደል ቢገባ ኖሮ ውበቱ ራሱ ይቅር አይልህም ነበር።»

አባቴ ዳሰሰው። ጣቱን ቶሎ አላነሳም። ከዚያ እዚያው ቁጭ አለ፤ ሃምሳ ዓመት ሲሸከመው የነበረውን ነገር እያየን አወረደው።

በዚህ መሀል ከጥጉ ምንይችል ተነሳ። ከሐሙስ ጀምሮ ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ጥሩንባ አልያዘም፤ እጁን አፉ ላይ አጥፎ ጉብታ ላይ ቆሞ እንደሚለፍፈው ለፈፈ።

«የቅሬው ሰው፣ ስማ። ሐሙስ ለት ሰው ሞቷል ብዬ ጠርቻችሁ ነበር። ለቅሶው ልክ ነው፤ ስሙን ነው የተሳሳትኩት። የሞተው ውበቱ ነው፣ የአምባሰሉ ውበቱ። ውጣ።»

ከሐይቅ ቅሬ ውጪ ላለ ሰው ተጠርቶ አያውቅም፤ ግን አንድም ሰው ደንቡ ነው አይደለም አላለም። ሴቶቹ ብድግ ብለው ወደ ፊት መጡ። ወንዶቹ አግዳሚውን አዙረው ለለቅሶ ደረደሩት። እነ ኢንሳፍ ፋቲሐ አነበቡ፣ እነ ምንይችል ነፍስ ይማር አሉ፤ ሁለቱም እትዬ ለተብርሃንን ከበው ነው። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከወጣትነቷ ጀምሮ ታስራ የቆየች በምትመስል ድምፅ አወረደችው፦

ሳጥኑን አቀብሎ ገደል ያደረ፣
ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ዛሬ ተቀበረ።

አዳራሹ ተቀበላት። ግማሹ ውበቱን አይቶት አያውቅም፤ ግማሹ ሲሞት አልተወለደም። እንደ ትናንት ሟች ነው ያለቀሱለት። የአዲስ አበባ ተመልካች በመሀረብ ነው ያለቀሰው አሉ፤ የኛው በደረቱ ነው።

ሙሉጌታ ከበሩ አጠገብ ስልኩን አንስቶ ሕዝቡን እየቀረጸ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ንግግሩ ሁሉ አልደረሰውም መሰለኝ፣ ፊልሙ እንዲህ ያስለቅሳል ብሎ ተደንቋል። ገፋ ገፋ አድርጎ እኔ ዘንድ ደረሰና ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ። ሂንድዬ፣ ሁሉም ውበቱ ውበቱ የሚሉት፣ ውበቱ ማነው አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል ሸራውን አየሁት። አጫዋቹ ያቆመው ጽሑፍ እንዳለ አለ፤ በትልቁ ምስጋና ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይላል። በጣቴ አሳየሁት።

«ያውልህ» አልኩት፣ «ማኅበረሰብ ያልከው ሰውዬ ነው።»